የድንበሩን ሣር ማን ያጭዳል?

ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ወረዳ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ የጂአይኤስ ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩት ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነበር። ገበሬው በመጀመሪያው የመሬት ምዝገባ ያገኘውን የይዞታ ደብተር ካርታ ባለው የሁለተኛ ደረጃ ደብተር የሚቀይርበት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው ደብተር የባለይዞታውን ስም፣ የማሳውን ስፋት፣ በምሥራቅና በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኑትን ሰዎች ይዟል። አብዛኛው ስፋት በገመድ የተለካ ነው። ማሳው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚያሳይ ንድፍ ግን የለውም። ያንን ንድፍ ማምጣት የእኛ ሥራ ሆነ።

ዋናው መሣሪያችን ኦርቶፎቶ ነበር፤ ከአየር ላይ ተነሥቶ አቀበቱና ቁልቁለቱ ያመጣው መዛባት የታረመለት፣ እንደ ካርታ የሚለካበት ፎቶ። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ጥቂት ሜትር ወዲያና ወዲህ ይላል። ሩብ ሄክታር ለማይሞላ ማሳ ደግሞ ጥቂት ሜትር ማለት ብዙ ትልም ነው፤ በአንድ ትልም የተካሰሱ ወንድማማቾች ባሉበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ባሉበት፣ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ እየተመለከተ፣ ድንበሩን ፎቶው ላይ በእስክሪብቶ እናሰምር ነበር። ቢሮ ስንመለስ ስካን አድርገን መስመሩን ኮምፒውተር ላይ እንከተለዋለን።

የመጀመሪያውን ወረቀት የዘረጋነው ዋርካ ሥር ነው። ነፋስ እንዳያነሣው አራቱን ጥግ በድንጋይ ያዝነው። አንድ የኮሚቴ አባል የሆኑ ሽማግሌ ቆመው ጥቂት አዩትና፣ «ተነሥ ልጄ፣ ዞሮብሃል» አሉኝ። ድንጋዮቹን አንሥተው ወረቀቱን አዞሩት፤ ፎቶው ላይ ያለው ጥቁር አረንጓዴ ክብ ኮረብታው ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጋር ፊት ለፊት እስኪሆን ድረስ። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ከላይ ሲታይ የደን ክብ ነው፤ ዙሪያው ታርሶ ሳለ ደኑ ብቻ ተርፎ ይጠቁራል። ከዚያ ጣታቸው ከደኑ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ መሻገሪያው፣ ከመሻገሪያው ወደ ማሳቸው ወረደ። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው። ካርታን ከምድሩ ጋር አቅጣጫ ማስያዝ የሚባለውን ትምህርት እንደዚያ ባማረ ሁኔታ ሲሠራ ያየሁት ከእርሳቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ ወረቀት ስዘረጋ መጀመሪያ የምጠይቀው ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል እንደሆነ ነው።

ከሁሉ የምወደው ትዝታ ግን የድንበር ሣር ነው። በኮምፒውተር ላይ ያለ መስመር ውፍረት የለውም፤ ሁለት አጎራባች ማሳዎች አንድ መስመር ይጋራሉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ከተገኘ ሶፍትዌሩ ስሕተት ብሎ ያቀላዋል። ምድር ላይ ያለው ድንበር ውፍረት አለው። ሳይታረስ የተተወ ሰቅ ነው፤ ሣር ያበቅላል፣ አፈር ይይዛል፣ በክረምት ሰው ይሄድበታል። ያ ሣር የማን ነው? አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከእኔ በፊት ብዙ ቀበሌ የዞረ ልጅ፣ ጥያቄውን አሳጥሮ ሰጠኝ፦ «ማን እንደሚያጭደው ጠይቅ።» እኩል የሚያጭዱ ከሆነ መስመሩ በሰቁ መካከል ያልፋል። አንዱ ብቻውን የሚያጭድ ከሆነ ሰቁ ወደ እርሱ ይገባል። ጥያቄው ሲነሣ ሁለቱም ጎረቤቶች ይስቁ ነበር፤ መልሱን ደግሞ አብረው ይሰጡ ነበር።

ከድሮው የ1፡50,000 ካርታ ጋር የተዋወቅሁትም ያን ሰሞን ነው። ወንዙን ከእርሱ ቀድተን ኦርቶፎቶው ላይ ስናስቀምጠው ሁለት መቶ ሜትር ያህል ተንሸራቶ ማሳ ውስጥ ይገባል። ካርታው የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፤ ጂፒኤሱ ደግሞ በሌላ። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ፣ በናይል ዳር የነበረ የቅየሳ ነጥብ ነው። የእኛ ወረዳ ወንዝ ዓባይ ገብቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ ወደዚያው ይወርዳል። ልኬቱ በተቃራኒው ውኃውን ተከትሎ ሽቅብ ወደ እኛ መጥቷል። ይህን ባወቅሁ ቀን የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አልወጣልኝም።

ሥራው ሲጠናቀቅ ካርታው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ማንም አይቶ ቅሬታ እንዲያቀርብ። ያ ቀን ገበያ ይመስላል። አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ተማሪ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ የማሳውን ቁጥር እያነበበ እርሳቸው የሚያስተያዩት በጎረቤት ነበር፦ «ከላይ ማነው ያለው? ከታችስ?» ውኃው ዳር ያለችው ድንች የሚተክሉባት ቁራሽ በጎረቤታቸው ስም ወጥታ አገኙ። ገና ሳይናገሩ ጎረቤትየው ራሱ ከሰው መሐል እጁን አወጣ። «የእሷ ናት፤ ይስተካከል» አለ። የዚያኑ ቀን በቅሬታ ቅጹ ላይ ፈረመላቸው፤ እኛም ማታ መብራት ሲመጣ አስተካከልናት። ወረዳ ውስጥ ያየሁት ትልቁ ምስክርነት እርሱ ነው፤ ሳተላይትም አውሮፕላንም ሊሰጠው አይችልም።

እያንዳንዱ ማሳ የክልሉን፣ የዞኑን፣ የወረዳውንና የቀበሌውን መለያ ያዘለ ረጅም ቁጥር ይሰጠዋል። ለምዝገባ ግድ ነው። ሰው ግን ማሳውን በቁጥር አይጠራም። ስለዚህ ከማሳዎቹ ሠንጠረዥ አጠገብ ለራሴ «የቦታ ስም» የሚል ዓምድ ከፈትሁና በየመስኩ የሰማሁትን እሞላ ጀመር፦ ቁልቋሉ፣ ቀይ አፈር፣ ምንጩ ራስ፣ የበሬ መዋያ፣ ዋርካው ሥር። ባለጉዳይ ቢሮ መጥቶ ደብተሩን ቤት ረስቶ እንኳ «የቀይ አፈሩን ማሳዬን ነበር» ሲል፣ ቀበሌውን ጠይቄ እፈልግና ስክሪኑን ወደ እርሱ አዞርለት ነበር።