ሞተሩን ከማስወረዳችሁ በፊት

«ዘይት ይበላል፤ ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ መውረድ አለበት።» አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ የያዘ ሰው ይህን ፍርድ አንድ ቀን መስማቱ አይቀርም። ፍርዱ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን ስንቱ መኪና ነው ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ጭሱ ታይቶ፣ እዚያው ቆሞ የተፈረደበት! አውራ ጣት የምታህለውን የፒሲቪ ቫልቭ ነቅሎ ያየ ሰው የለም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነው።

ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል ጋዙ ሁሉ በማርሚታ አይወጣም። ጥቂቱ ፒስተኑን በከበበው ፋሻ ጎን ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። አዲስ ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። ጋዙ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የውሃ እንፋሎት ይዟልና ታምቆ ከቀረ ዘይቱን ያበላሻል፤ ግፊቱም መውጫ ይፈልጋል። ድሮ በመኪናው ሥር ቱቦ ዘርግቶ ወደ ውጭ መልቀቅ ነበር። ሎስ አንጀለስ በጭጋግ ስትታፈን፣ የካልቴኩ ሳይንቲስት አሪ ሃገን-ስሚት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጭጋጉ መነሻ ከመኪናና ከነዳጅ የሚወጣ ጋዝ መሆኑን አሳየ። ከ1961 ሞዴል ጀምሮም ጋዙን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ይኸው የፒሲቪ ቫልቭ በካሊፎርኒያ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ላይ ይገጠም ጀመር።

በቫልቯ ውስጥ አንዲት ተንቀሳቃሽ ዘንግና አንድ ስፕሪንግ አሉ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሚስበው ኃይል ብርቱ ስለሆነ ዘንጓ ትሳብና የጋዙን መንገድ ታጠባለች። የእንጦጦን ዳገት ነዳጅ ረግጣችሁ ስትወጡ ግን የመሳቡ ኃይል ይቀንሳል፤ ስፕሪንጉ ይገፋታል፤ መንገዱ ይሰፋል። ሥራዋ ይኸው ነው።

የሚገድላት ዝቃጭ ነው። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ የሚመላለስ መኪና ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል። እርጥበቱ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ ሲራዘም ደግሞ የባሰ ነው። ተዘግታ ከቀረች ግፊቱ በየጓርኒሲዮኑ ዘይት ያስወጣል፤ የአየር ማጣሪያው ቤት ሳይቀር በዘይት ይርሳል። ተከፍታ ከቀረች ሞተሩ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፤ ዘይትም አብሮ እየተሳበ ይቃጠላል፤ ሰማያዊ ጭስ ይታያል። ይህን ምልክት ያየ ሰው «ፋሻ ነው» ቢል አይገርመኝም፤ ይመሳሰላል። መመሳሰሉ ነው መፈተሽን ግድ የሚያደርገው።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ኮሮላቸው ሞተሩ እንዲወርድ ተፈርዶበት መጡና «ልጄ፣ እስቲ አንተ እየው» አሉኝ። ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ግቢያቸው ውስጥ ከፈትነው። በእሳቸው መኪና ቫልቯ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ላይ በጎማ ቀለበት ነው የተሰካችው፤ በአንዳንድ ሞዴል ግን በጥርስ ትገባለች፣ በቁልፍ ትፈታለች። የቱቦዋን ማሰሪያ ፋሸታ በፒንሳ ጨምቄ ወደ ኋላ ሳብኩት። ቱቦው ደርቆ ጫፉ ተሰንጥቋል። የጎማ ቀለበቱም እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ስለነበር ስብርባሪው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ዙሪያውን ጨርቅ አድርጌ ቀስ ብዬ አወጣሁት። ቫልቯ በጥቁር ዝቃጭ ተለብጣ ወጣች። ጆሮዬ ሥር ወዘወዝኳት፤ ድምፅ የለም። ደህና ብትሆን ኖሮ ውስጧ ያለው ዘንግ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ጋሼ ተቀብለውኝ እሳቸውም ወዘወዙ። «ይህች ናት እንዴ ሞተሬን ልታስወርድ የነበረችው?» አሉ።

አሮጌዋን ይዘን መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድን። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፦ «ይገጥማል» የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ አትግዙ። ከውጭ የሚመሳሰሉ ቫልቮች የውስጥ ስፕሪንጋቸው ይለያያል። የቶዮታ ፒሲቪ ቫልቭ የመለዋወጫ ቁጥሩ በ12204 ይጀምራል፤ የቀረው ቁጥር ከእናንተ ሞተር ጋር መግጠም አለበት። ቱቦውንና ቀለበቱን አብራችሁ ቀይሩ። ቱቦው ዘይት የሚችል ይሁን፤ ተራ የውሃ ቱቦ ይላሽቃል።

አዲሷ ከገባች በኋላ የሞተሩ ድምፅ ረጋ። ዘይት መቀነሱ ጨርሶ ቀርቷል አልልም፤ መኪናው አሮጌ ነው። ግን ጋሼ በየሳምንቱ ዘይት መጨመራቸውን አቁመዋል፤ ለሞተር ማስወረጃ የያዙት ገንዘብም ኪሳቸው ውስጥ ነው። ፋሻው በእውነት ያለቀ ሞተር በዚህች ቫልቭ አይድንም። እሱን ለማወቅ ኮምፕሬሽን ማስለካት አለ፤ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ነገሩ የአንድ ጎረቤት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። የብዙ ቤተሰብ ጥሪት እነሱ ላይ ነው ያለው። ሰማያዊውን ጭስ ደግሞ የሚተነፍሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሕዝብ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለችው እናት ናት። ጠንቅቀው የሚሠሩ መካኒኮች አሉን፤ እጃቸው ይባረክ። እነሱ ፈትሽልኝ ሲባሉ አይቆጡም።

ስለዚህ መኪናችሁ ዘይት ይበላል ከተባላችሁ፣ ሞተር ለማስወረድ እሺ ከማለታችሁ በፊት «ፒሲቪ ቫልቯ ታይታለች ወይ? ኮምፕሬሽኑስ ተለክቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አይ» ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀበሉና መጀመሪያ እሱን አስፈትሹ።