የእናቴ ሦስት ፎቶግራፎች

እናቴ በመስኮት አጠገብ ጥጥ ሲፈትሉ ፎቶግራፍ ላነሣቸው ወደድሁ። ነገር ግን ብርሃኑን ለፊታቸው ብመጥነው የደጁ አትክልት ነጥቶ ይጠፋል፤ ለአትክልቱ ብመጥነው ፊታቸው ይጨልማል። ስለዚህ መሣሪያውን በሦስት እግር ላይ አቁሜ፥ ብርሃኑን እየለዋወጥሁ ሦስት ጊዜ አነሣኋቸው።

ከዚያም ኤንፊውዝ የሚባለውን፥ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም፥ የሦስቱን ስም በአንድ መስመር ጽፌ አዘዝሁት። እርሱም ቶም ሜርቴንስ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 ባሳተመው ዘዴ፥ ከየፎቶግራፉ ብርሃኑ የተስማማውንና ቀለሙ የደመቀውን እየመዘነ አዋሐዳቸው።

ፊታቸውም አትክልቱም ታየ። እንዝርት የያዘው እጃቸው ግን እንደ ጢስ ተደራርቦ ሦስት መሰለ፤ ፕሮግራሙ የሚያዋሕደው በልዩ ልዩ ቅጽበት የታየውን ነውና። እንደ ገና ሳይንቀሳቀሱ እንዲቀመጡልኝ ብለምናቸው፥ «እጄን አጣጥፌ ልታይ ነውን?» አሉኝ።

በእልፍኜ የሰቀልሁት ያንኑ ባለ ሦስት እጁን ነው።