ሞተሩ በዋስትና፣ ቀኑ በኪሴ

ታላቅ ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ሞተሩን ሲያወርዱት አጠገቡ ነበርክ?» ብሎ ነው። አልነበርኩም። መኪናዬ ነብራስካ፣ ኖርዝ ፕላት ከተማ፣ ጋራዥ ውስጥ ተገትራለች፤ እኔ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ፣ ቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜያለሁ። በመካከላችን አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። «ታዲያ ምን አውጥተው ምን እንደከተቱ በምን ታውቃለህ?» አለኝ። «በወረቀት ይጽፉልኛል» ስለው ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው።

ሁለታችንም የከባድ መኪና ሹፌሮች ነን። እሱ በቻይና ሠራሽ መኪና፣ ከነተሳቢው፣ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይመላለሳል፤ እኔ ከዴንቨር ቺካጎ። ሁለታችንም መኪናችንን አዲስ፣ የወንበሩ ላስቲክ ሳይነሣ፣ በባንክ ብድር ገዛን። ሁለታችንም ሞተር ወረደብን፤ እሱ በአሥረኛው ወር፣ እኔ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሲል። የእሱ ሲበላሽ ከሩቅ ሆኜ መካሪ ነበርኩ። «ዋስትና አለህ አይደል እንዴ? ምን አስቸኮለህ?» እያልኩ። ያን ምክሬን ሳስበው አሁን አፍራለሁ።

የእኔዋ መጀመሪያ ውሃ መጠጣት ጀመረች። በየሳምንቱ አንድ ጋሎን እጨምራለሁ፤ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር ግን የለም። ወደ ውጭ ያልፈሰሰ ውሃ ወደ ውስጥ እንደሚሄድ አላጣሁትም። ግን ጭነት ነበረ፣ ቀጠሮ ነበረ። ኢንተርስቴት 80 ላይ የዘይት ግፊቱ ወረደ፣ ቀዩ መብራት በራ፣ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ዳር ያዝኩ። ቆጣሪው 187,000 ማይል ይላል፤ ወደ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። አሜሪካ ውስጥ የትልልቅ ናፍጣ ሞተሮች መነሻ ዋስትና በብዛት ሁለት ዓመት ወይም 250,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። ሁለቱም ገና አልሞሉብኝም። ስለዚህ ዳር ቆሜ ጎታቹን ስጠብቅ ልቤ አልተረበሸም። የረበሸኝ የመጎተቻው ሂሳብ ነው፤ 2,100 ዶላር። ለካ የመጎተቻው ሽፋን ከመጀመሪያው ዓመት ጋር አብሮ አልቆ ኖሯል።

ጋራዡ ተራ አስያዘኝ። ኮምፒውተር እስኪሰካላት ድረስ ዘጠኝ ቀን ቆመች። በአሥረኛው ቀን ወረቀት ላኩና ፈርም አሉኝ። ሞተሩ ተከፍቶ ፋብሪካው አልከፍልም ካለ፣ የመፍቻውን ሥራ በሰዓት 185 ዶላር እየታሰበ እኔ እከፍላለሁ ይላል። ዋስትና ያለው ሰው፣ ዋስትናው እንዲታይለት ራሱ ዋስ ይሆናል ማለት ነው። ፈረምኩ።

ቀጥሎ የሞተሩን ኮምፒውተር ገለበጡት። ለሀገር ቤት ሹፌር ለማስረዳት በጣም የሚቸግረኝ ይሄ ነው። ሞተሩ ስንት ጊዜ ከልክ በላይ እንደጋለ፣ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ቁልቁለት ላይ ዙሩ አልፎ እንደሆነ፣ ቀዩ መብራት ከበራ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደነዳሁ፣ ሁሉም እዚያ ተቀምጧል። የገዛ ሞተሬ ምስክር ሆኖ ቆመብኝ። ደግነቱ ዳር ለመያዝ አልዘገየሁም ነበር።

ከዚያ የዘይት ቅያሪ ደረሰኝ አምጣ ተባልኩ። አራት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ በእጄ ያለው የሦስቱ ነው። አራተኛውን የቀየረልኝ እዚሁ ኦሮራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በግቢው የሚሠራ የሀገሬ ልጅ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ቡና ጠጣን፣ ጥሬ ገንዘብ ሰጠሁት፣ ተለያየን። ከሀገር ልጅ ደረሰኝ መጠየቅ እሱን አለማመን ይመስላላ! ያ ይሉኝታ አንድ ሙሉ ሞተር ሊያስከፍለኝ ነበር። ያዳነኝ ዘይቱንና ፊልትሮውን የገዛሁበት የመለዋወጫ መደብር ደረሰኝ ነው፤ ቀኑና 11 ጋሎን ዘይት መሆኑ ተጽፎበታል። በዚያው ዕለት «ጨረስን» ብዬ ለባለቤቴ በላክሁላት ፎቶ ላይ ደግሞ የማይሉ ቁጥር ይታያል። ሁለቱን አስተያይተው ተቀበሉኝ። ልጁን በኋላ ስነግረው ደነገጠ፤ ዛሬ ለሁሉም ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ለእናቱ ልጅም ቢሆን።

ጥፋቱ የታወቀው በሃያ ስድስተኛው ቀን ነው። የአሜሪካ የጭስ ሕግ እየጠበቀ ሲመጣ እነዚህ ሞተሮች ላይ ብዙ ነገር ተጨምሯል። ከጭሱ ከፊሉን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መንገድ አለ፤ ከ2007 ሕግ ጋር ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ መጣ፤ ከ2010ሩ ጋር ደግሞ 32.5 በመቶው ዩሪያ የሆነ ፈሳሽ ጭሱ ላይ የሚረጭ መሣሪያ። ተመላሹ ጭስ ከመግባቱ በፊት በውሃ ይቀዘቅዛል። የእኔ ማቀዝቀዣ ውስጡ ተሰነጠቀ፣ ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ሾለከ፣ ዘይቱ ተበላሸ፣ የዘንጉ መቀመጫ ብሮንዚን ተበላ። አየሩ መጽዳቱን አልጠላም፤ ልጆቼ የሚተነፍሱት ነው። ግን አንዲት የተሰነጠቀች ማቀዝቀዣ ሞተር ይዛ ስትወድቅ ሰው ያናድዳል።

ፋብሪካው ፈቀደ። አዲስ ሞተር መጣ፣ ተገጠመ፣ በአርባ ሰባተኛው ቀን ቁልፌን ተቀበልኩ። የሞተሩ ሂሳብ ዜሮ። ወረቀቱን ይዤ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ ሌላውን ሂሳብ ደመርኩ። የባንክ ብድር በወር 3,150፣ መድን በወር 1,480፤ የወር ተኩሉ 6,945 ዶላር። መጎተቻው 2,100። ወደ ቤት የተመለስኩበት የኪራይ መኪና 240። 9,285 ዶላር፤ ያልሠራሁበት ገንዘብ ሳይቆጠር። የዋስትናውን መጽሐፍ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። መኪናው በመቆሙ የቀረ ገቢ፣ የተበላሸ ጭነት፣ ሆቴል፣ አይመለከተንም ይላል፤ በግልጽ፣ በደማቅ ፊደል ተጽፎ። ስገዛ ፈርሜበታለሁ።

አሁን ወደ ወንድሜ።

የእሱ መኪና የቆመችው ማዳበሪያ ጭና ሚሌን እንዳለፈች ነው። የአፋርን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ውሃው ፈላ፣ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ተሰነጠቀ። ረዳቱ ከኋላ ቅጠልና ድንጋይ ደርድሮ ሦስት ሌሊት ከመኪናዋ ሥር አደረ። የሚያልፈው ሹፌር ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ እንጀራ፣ አንዱ «ጎትቼ ልውሰዳችሁ» ይላል። እኔ ኢንተርስቴት 80 ዳር አራት ሰዓት ስቆም የጠየቀኝ አንድ ፖሊስ ነው፤ እሱም ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክቶቹን አስቀምጬ እንደሆነ።

ሻጩ ድርጅት አዲስ አበባ ነው። መኪናዋ ተጎትታ ደረሰች፤ ምርመራው በአንድ ቀን አለቀ። ዋስትናው ይሸፍናል ተባለ፤ ደረሰኝ አምጣ የለ፣ ኮምፒውተር የለ፣ ክርክር የለ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ቴስታታው መጋዘን ውስጥ የለም። ከቻይና ይመጣል፤ እንዲመጣ ኤልሲ ይከፈታል፤ ኤልሲ እንዲከፈት የምንዛሪ ወረፋ ይጠበቃል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ነበርና ወረፋው ምን እንደሚመስል ነጋዴ ሁሉ ያስታውሳል። «ሁለት ወር፣ ምናልባት አራት» አሉት።

የባንኩ ወር ግን አራት አይጠብቅም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ዋስትናዬን ትቻለሁ» ብሎ ፈርሞ መኪናዋን ቃሊቲ፣ ራሱ ወደሚያምነው መካኒክ ወሰዳት። መካኒኩ ሶማሌ ተራ ሲዞር ውሎ ቴስታታ አገኘ። ወንድሜ ጄሪካን ገልብጦ ሞተሩ ሥር ተቀመጠ። ጉርኒሲዮኑ ሲነሳ አየ፣ ብሮንዚኑን በጣቱ ዳሰሰ፣ አንዱን ፒስተን ከነፋሻው ካልቀየራችሁ ብሎ ተከራከረ። ማታ ማታ የተፈታውን ዕቃ ቆጥሮ ጨርቅ ያለብሳል። በሃያ አንደኛው ቀን መንገድ ገባ። ወደ 400 ሺህ ብር ወጣበት። መኪናዋ እስከ ዛሬ ዘይት ትንሽ ትበላለች፤ እሱም አይክድም።

እኔ በጊዜው ስልክ ላይ ያልኩትን እነሆ፦ «ነፃ ነገር ጥለህ እንዴት ትከፍላለህ?» በመጋዘን የሌለ ዕቃ ዋስትና ምን እንደሆነ የገባኝ፣ በወረፋ የቆመ ዋስትና ምን እንደሆነ በራሴ ሲደርስ ነው። የእሱ መንገድ ከእኔ ይሻላል አልልም። አራት መቶ ሺህ ብሩ የልጆቹ ነበር፤ እኔ ደግሞ ባለ ሙሉ ዕድሜ አዲስ ሞተር ላይ ተቀምጫለሁ። ግን እሱ ሃያ አንድ ቀን፣ እኔ አርባ ሰባት። ብድሩ ሁለታችንንም በቀን ነው የሚበላው።

ቃሉን ራሱን አስቡት። ሀገር ቤት «ዋስ አምጣ» ስንባል ሰው ይዘን ነው የምንሄደው፤ መልክ ያለው፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ብንጠፋ ሄደው የሚያንኳኩበት በር ያለው። ወንድሜ የሻጩን ወረቀት ትቶ መካኒኩን ሲመርጥ ወደዚያኛው ዋስ ነው የተመለሰው። ሰውየው ሥራው ቢበላሽ ነገ ቃሊቲ ላይ ያገኘዋል። እኔ ኖርዝ ፕላት ላይ ሞተሬን የፈታውን ሰው አላየሁትም። ደንበኛ ወደ ሥራው ክፍል እንዳይገባ የመድን ሕግ ይከለክላል ተብሎ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ያለኝ የደንበኛ መቀበያው ልጅ ትሕትና ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ጥሩ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ሳላስበው «ቴስታታውስ?» ብዬው ግራ ገባው። አሜሪካ ስመጣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እንግሊዝኛ መስለውኝ ነበር፤ ጣሊያን ትቶልን የሄደው መሆኑን የነገረኝ የመጀመሪያ አሠሪዬ ነው።

ሕጉስ? እዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ እሱ ነበር። አሜሪካ በ1975 የወጣ የዋስትና ሕግ አላት፤ ዋስትና የሚሰጥ ፋብሪካ «ዘይትህን እኔ ጋ ካልቀየርክ» ብሎ በነፃ ሳያደርግልህ ሊያስገድድህ አይችልም። ከ1982 ጀምሮ፣ ኮኔክቲከት ቀድማ፣ ክፍለ ግዛቶቹ ደጋግሞ የሚበላሽ አዲስ መኪናን የሚያስመልስ ሕግ አወጡ። ደስ ይላል። ችግሩ የ1975ቱ የሚጠብቀው ለግልና ለቤተሰብ የሚውል ዕቃን ነው፤ የክፍለ ግዛቶቹም በብዛት ከባድ የጭነት መኪናን ከበር ይመልሳሉ። ሀገር ቤትም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ነው። ወንድሜም እኔም በሁለት ሀገር ሕግ ነጋዴዎች ነን፤ ነጋዴ ደግሞ የፈረመውን አንብቧል ተብሎ ይታሰባል። በሀገር ቤቱ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ነው፤ ገዢው ግን ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ቶሎ ማሳወቅ አለበት። በዚህ ክስ የሚጀምር ሹፌር እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ፍርድ ቤት የዋለበት ቀንም ቀን ነው።

ፒክአፕ የገዛችሁ ከእኛ ትሻላላችሁ። በ2024 ቶዮታ ከፋብሪካ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ሞተር ውስጥ ሊኖር ይችላል ብሎ ወደ 102,000 የሚሆኑ ተንድራና ሌክሰስ አሜሪካ ውስጥ ለጥገና መልሶ ጠርቷል፤ በ2025 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ በ6.2 ሊትር ሞተሩ ምክንያት ወደ 600,000 ገደማ። ይህ ከዋስትና የተለየ ጥሪ ነው፤ ደረሰኝም፣ ማይልም አይጠየቅበትም። 17 ፊደልና አሃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥራችሁን የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ዛሬውኑ እዩ።

እኔ ዛሬ በየዘይት ቅያሪው ትንሽ ጠርሙስ ዘይት ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ፤ ውሃ ወይም ብረት ካለበት ሞተሩ ሳያንኳኳ ይነግረኛል። ደረሰኞቼ ሁሉ በስልኬም በፋይልም አሉ። ለአዲስ ገዢ የምነግረው ደግሞ፣ «ስንት ማይል ይሸፍናል?» ከማለትህ በፊት «ጋራዣችሁ ዛሬ ወረፋው ስንት ቀን ነው?» በል ነው። ክረምት ላይ ሀገር ቤት ስገባ ከሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎቼ አንዱ የወንድሜ ነበር፤ ፊልትሮ፣ ቀበቶ፣ ሁለት ሴንሰር። ጫማ ለጠበቁት ልጆች ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ቤቱ ስደርስ የተሰነጠቀው ቴስታታ በረንዳው ጥግ የአበባ ማሰሮ ተሸክሟል። አሮጌው ፒስተን በሩ እንዳይዘጋ ተደግፎበታል። «የአንተስ የወጣው ሞተር የት ነው?» አለኝ። በዋስትና የተቀየረ ዕቃ የፋብሪካው ነው፤ ጭነው ወስደውታል አልኩት። ፒስተኑን በእግሩ ትንሽ ገፋ አድርጎ በሩን አስፍቶ ከፈተልኝና፣ «አንድ ብሮንዚን እንኳ አልሰጡህም?» አለ።