ሦስት ከተማ ይበቃል

አውሮፓን ለመጎብኘት የተነሳ ሰው የሚያወጣውን ዕቅድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ቀን ፓሪስ፣ አንድ ቀን ብራስልስ፣ አንድ ቀን አምስተርዳም፣ ሁለት ቀን ሮም፣ ከዚያ ባርሴሎና፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ጄኔቫ። ምክንያቱ ይገባኛል። ቪዛው የተገኘው በስንት ደጅ ጥናት ነው፤ ገንዘቡም የስንት ጊዜ ቁጠባ ነው። ዳግም እሄዳለሁ ብሎ የሚተማመን ስለሌለ፣ «እዚያ ድረስ ሄጄማ ይቺን ሳላይ አልመለስም» ይላል ሁሉም።

ውጤቱ ግን ሻንጣ መጎተት ነው። ከሆቴል ወጥቶ፣ ጣቢያ ደርሶ፣ ተጉዞ፣ አዲሱ ሆቴል ገብቶ እስኪያርፉ ድረስ ከተማ በተቀየረ ቁጥር ግማሽ ቀን ይሄዳል። ስድስት ከተማ ያቀደ ሰው ሁለት ቀን ተኩሉን ለሻንጣው ገብሯል ማለት ነው። ሲመለስ ብዙ ፎቶ አለው፤ የትኛው ድልድይ የየትኛው ከተማ እንደነበር ግን ስልኩን ሳያይ አይነግራችሁም።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ዕድሉ የሚገኘው አንዴ ከሆነ፣ ከተማ ቀንሱ። ሁለት ሳምንት፣ አንድ አገር፣ ሦስት ከተማ። ምሳሌዬ ጣሊያን ናት፤ ለእኛ ቀስ ተብሎ የሚታይ ብዙ ነገር አላትና። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ለሮም ስድስት ሌሊት ስጧት። ገና ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስትወጡ የምትቆሙበት አደባባይ፣ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ፣ የተሰየመው በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ላለቁት የጣሊያን ወታደሮች ነው። የመታሰቢያ ሐውልታቸውም እዚያው አቅራቢያ ቆሟል። የቸኮለ ሰው ታክሲ ፍለጋ አልፎት ይሄዳል። ፖርታ ካፔና ደግሞ በ1937 ከአክሱም የተወሰደው ሐውልታችን ለአሥርት ዓመታት የቆመበት ቦታ ነው፤ ከፊት ለፊቱ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቷል፤ ቦታውን ቆሞ ማየት ግን ሌላ ስሜት አለው። ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን አለ። የእኛ መነኮሳት ለዘመናት ያረፉበት ቤት ነው፤ የግዕዝ አዲስ ኪዳን በ1548 እና 49 ሮም ውስጥ ሲታተም የደከሙትም የዚያ ቤት ሰዎች ናቸው። በእነዚህ ላይ ኮሎሲየሙን፣ የሲስቲናን ጸሎት ቤት፣ እንዲሁም ምንም ያልታቀደለት አንድ ሙሉ ቀን ጨምሩበት።

ለፍሎረንስ አራት ሌሊት። በፈጣን ባቡር ከሮም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በ1441 የኢትዮጵያ መነኮሳት ከኢየሩሳሌም ተነስተው ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የመጡት እዚህ ነበር። ኡፊዚ ሙዚየም ስትገቡ ሁሉም ወደ ቦቲቼሊ ሥዕሎች ይሮጣል። እናንተ ረጅሙ ኮሪደር ላይ ቀና በሉ፤ ከላይ ከተደረደሩት የታላላቅ ሰዎች ምስሎች መካከል የአፄ ልብነ ድንግል ይገኛል። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው፤ አራት ሌሊት ላደረ ሰው ግን ሰኞ ችግር አይሆንበትም።

ለቬኒስም አራት። የአፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር ይዘው በ1402 የደረሱባት ከተማ ናት። ፍራ ማውሮ የተባለው መነኩሴ በ1450 አካባቢ የሠራው ትልቁ የዓለም ካርታም የዚያው የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ሀብት ነው። ስለ አገራችን የጻፈውን ያገኘው የአገሩ ተወላጆች በገዛ እጃቸው ስለው ካሳዩት እንደሆነ ራሱ ካርታው ላይ አስፍሯል። ከተማዋ ከ2024 ጀምሮ በተወሰኑ ቀናት ውሎ ከሚመለስ ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ትጠይቃለች፤ ለሚያድር ሰው ግን ይህ ክፍያ የለም። ማታ የቀን ጎብኚው ሲወጣ ጠባብ መንገዶቿ የእናንተ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን የቪዛ አሠራሩን አጥብቋል፤ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ረዝሟል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ተከልክሏል። ስለዚህ «መሀል ላይ ለንደን ያለችውን እህቴን አይቼ እመለሳለሁ» የሚለው ሐሳብ አይሠራም፤ ከሼንገን አገሮች ከወጣችሁ ያ ቪዛ መልሶ አያስገባችሁም። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላልና አትዘግዩ፤ ከማስገባታችሁ በፊትም የወቅቱን መመሪያ እዩ። የምታድሩበትን ማስረጃ ትጠየቃላችሁ፤ ሦስት ከተማ ያለው ዕቅድ ወረቀቱም ያጥራል፣ ለጠያቂውም ያሳምናል። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ግን የማይመለስ ክፍያ አትክፈሉ።

የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ በሮም ገብታችሁ በሚላን ውጡ፤ አየር መንገዳችን ወደ ሁለቱም ይበርራል። ከቬኒስ ሚላን በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ወደ ሮም የመመለሻ ቀን አታባክኑም። የፈጣን ባቡር ትኬት አስቀድሞ ሲገዛ ይረክሳል። የአካባቢ ባቡር ዋጋው አይለዋወጥም፤ የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ ግን ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን አስመቱት፣ አለዚያ ትቀጣላችሁ። ለዘመድ በርበሬና ሽሮ ያዙ፤ ቅቤና ቋንጣ ግን የኅብረቱ ሕግ ስለማይፈቅድ ይወረሳል። ጊዜው ከመስቀል በኋላ ወይም ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በነሐሴ ሙቀቱ ይበረታል፤ ጣሊያናውያኑ ራሳቸው ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ዘግተው ወደ ባሕር ይወርዳሉ።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ጉዞው ራሱ ውድ ነው፣ አልክድም። በዝግታ መሄድ ግን ከሩጫው ይረክሳል። የባቡርና የአውሮፕላን ትኬት ይቀንሳል፤ ኩሽና ያለው ቤት ለተከታታይ ሌሊቶች ተከራይቶ ከገበያ ገዝቶ ማብሰል ይቻላል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ደግሞ ሰፈሩን ስለምታውቁት ለቱሪስት በተሰቀለ ዋጋ አትበሉም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ዕቅድ ያላችሁ ዛሬውኑ አውጡትና ሁለት ከተማ ሰርዙበት። የተረፈውን ቀን በሌላ ነገር አትሙሉት፤ ባዶውን ተዉት።