ያልመጣው ጦር

ልጄ ማታ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ «ዝጋ!» ማለት ልማዴ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንደ ፈረንጆቹ በ1999 በወጣው «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ጌም የራሱን ካርታ እየሠራ ነበር። ንጉሡ ድልድዩን ሲሻገር ረዳት ጦር መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም።

«ትሪገር ይባላል አባዬ፤ ‹ይህ ከሆነ ይህን አድርግ› ብለህ ታዘዋለህ» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ ደጋግሞ ሞከረ። ቦታው ልክ ነው፤ ጦሩም ተመድቧል። ለካስ ትሪገሩ ራሱ ከመነሻው ጠፍቶ ኖሯል! አበራው፤ ጦሩ መጣ።

«ትዕግሥት የለህም» እያልኩ የምቆጣው ልጅ አንዲት ስህተት ፍለጋ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። አሁን ከ«ዝጋ» በፊት «የት ደረስክ?» እለዋለሁ።