የሰላሌ ወተትና በአጥር የሚሻገር ዕውቀት

እንጦጦን ተሻግራችሁ በጎጃም መንገድ ስትወጡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ብርዱ ነው፤ ቀጥሎ የሱሉልታ ድርቆሽ። ከዚያ ጫንጮን፣ ሙከጡሪንና ደብረ ጽጌን አልፋችሁ ፍቼ ትደርሳላችሁ። ከአዲስ አበባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው ይህን መንገድ የሚያውቀው ደብረ ሊባኖስን ለመሳለም ሲሄድ ነው። እኔ ባለፈው ጥቅምት የሄድኩት ግን ላም ለማየት ነው ብል አትሳቁብኝ። አብራኝ ጡረታ የወጣች ነርስ ፍቼ አጠገብ ከወንድሟ ቤተሰብ ጋር ትኖራለች። "ሲስተር፣ መጥተሽ ላሞቻችንን እዪልኝ" እያለች ስትወተውተኝ ከርማ ነበር።

ሰላሌ በማለዳ የወተት አገር ነው። መንገድ ዳር ካለው የወተት መሰብሰቢያ ሴቱም፣ ልጁም፣ ሽማግሌውም ዕቃውን ይዞ ይሰለፋል። ተረካቢው ወጣት መጀመሪያ ላክቶሜትር ይነክራል፤ ወተቱ ውኃ ከተጨመረበት መለኪያው ጠልቆ ይገባል። ቀጥሎ ጥቂት ወተት ከአልኮል ጋር ይቀላቅላል፤ ከቋጠረ ወተቱ መበላሸት ጀምሯልና ይመለሳል። በዚያ ቀን የአንዲት ሴት ወተት ተመለሰ። በማግስቱ ዕቃዋን አሳምራ አጥባ እንደምትመጣ አልተጠራጠርኩም፤ ሰልፉ ሁሉ አይቷታልና።

የሐበሻ ላም በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ብትታለብ ነው። ከሆልስታይን ፍሪዥያን የተዳቀለችው፣ አገሬው "የፈረንጅ ላም" የሚላት፣ በደንብ ከተያዘች 8 እና 10 ሊትር፣ አንዳንዷም ከዚያ በላይ ትሰጣለች። እነዚህ ላሞች በአንድ ሌሊት አልመጡም። በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድን እርዳታ አርሲ ላይ የተጀመረው ካዱ ዲቃላ ከብት ለገበሬ ያዳርስ ነበር። በ1970ዎቹ ቃሊቲ ላይ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተቋቋመ። በ1980ዎቹ ደግሞ በፊንላንድ እርዳታ የወተት ልማት ሥራ ሰላሌ ገባ።

የወዳጄን ወንድም "የመጀመሪያዋን ጊደር እንዴት ገዛህ?" ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። "የልማት ሠራተኛው ሁለት ዓመት መከረኝ፤ እሺ እያልኩ እተወዋለሁ። ኋላ ጎረቤቴ በወተት ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ አየሁ። ካየሁ በኋላ ማን ይምከረኝ?" አለኝ። ከብት መኖ የሚሆነውን አጃና ቬችም እንዲሁ ነው የጀመረው፤ ዘሩን ከዚያው ጎረቤት ተበድሮ፣ ሲያጭድ በቁናው መለሰ።

ችግሩም የሚተላለፈው በአጥር ነው። "ላም ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት ከአንድ ቀን አያልፍም። አዳቃዩ በሰንበት ካልመጣልህ 21 ቀን ጠብቅ ነው" አለኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባም 55 ቀን ወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ወደ ቅቤ ነው የሚዞሩት።

እኔ ግን ዓይኔ ከአንድ ነገር አልነቀል አለ። የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጅ ከጓዳ ወጥቶ ያልተፈላ ወተት በብርጭቆ ይጠጣል። ከላሞቹ አንዷ ባለፈው ዓመት በሰባት ወሯ አስወርዳለች። ላም የምታስወርድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ግን ብሩሴሎሲስ ነው። በጥሬ ወተት፣ እንግዴ ልጁን በባዶ እጅ በመንካትም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በሚመላለስ ትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ያንገላታል። የከብት ቲቢም በጥሬ ወተት ይመጣል፤ በጠባብ በረት በሚኖሩ ዲቃላዎች ላይ ደግሞ ከሐበሻ ላም ይበልጥ ይታያል።

የቤቱን እመቤት በቀስታ ጠየቅኋት። "ለጣቢያው የሚሄደውን ተጠንቅቄ ነው የማልበው፤ ይመልሱብኛላ። የኛ ግን የቤት ነው" አለችኝ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ወደ ከተማ የሚሄደው ወተት ይመረመራል፣ ፋብሪካም ያፈላዋል። ለልጁ የቀረውን የሚመረምረው የለም። ሥልጠና ሲኖር ደግሞ የሚጠራው የማኅበሩ አባል ባሏ ነው፤ የምታልበው እሷ ናት።

በሥራ ዘመኔ ያየሁትም ይህንኑ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በሞዴል ቤተሰብ ጎረቤት ከጎረቤት እንዲማር ታስቦ ነበር። መጸዳጃ ቤት ቆሞ ስለሚታይ ተስፋፋ፤ እጅ መታጠብ ግን ስለማይታይ ወደ ኋላ ቀረ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከሩቅ ያበራል። ያልታመመ ልጅ ግን ምልክት የለውም።

ስለዚህ ወዳጄና እኔ ንግግር አላበዛንም። ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ የመንደሩን እናቶች ጠራን፤ የቤቱ አያት ወተቱን እፊታቸው አፈሉት። ሲቀዘቅዝ ስልባቦቱ ወፍሮ ወጣ። "ፈላ ማለት ኃይሉ ሄደ ማለት አይደለም እንዴ?" ያለችው እናት ስልባቦቱን ቀምሳ ዝም አለች። ሁለቱ ከነገ እንጀምራለን አሉ። አንዷ "እናያለን" አለች። እሷን አላዘንኩባትም፤ የጎረቤቶቿን ድስት እስክታይ ትጠብቃለች።

እናንተም የልጅ ልጆቻችሁ ለበዓል ሲመጡ፣ ወይም ከሰፈር ላም አርቢ ወተት ስትገዙ፣ ገንፍሎ እስኪነሣ አፍሉት። መኮምጠጡ ብቻ በሽታውን ስለማያጠፋ ለእርጎም ቢሆን መጀመሪያ አፍልታችሁ፣ ቀዝቅዞ ለብ ሲል እርሾ ጨምሩበት። ያስወረደች ላም ካለች እንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ውሻ እንዳያገኘው በጥልቁ ቅበሩት፤ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ስታፈሉም በር ዘግታችሁ አይሁን፤ ጎረቤት ይይ።