የአያቴ መርፌና የአሸዋ ማሰሮ



አያቴ ስኳር አለባት። በጦርነቱ ጊዜ ላሊበላ መብራት ጠፍቶ ሲከርም የቤታችን ፍሪጅ ቁም ሳጥን ሆነ። አባቴ የኢንሱሊኗን ብልቃጥ በፌስታል ጠቅልሎ እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ይቀብራል፤ እኔ ከመድረሳ ስመለስ አሸዋው እንዳይደርቅ ውኃ አርከፈክፋለሁ። ያም ሆኖ ስኳሯ አልወርድ አለ። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሁን ምግቡ ተዛብቶ እስካሁን አላውቅም። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች።

ዘንድሮ የመመረቂያ ርዕስ ስፈልግ ያ ማሰሮ ትዝ አለኝ። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ብዙ ክትባቶችም እንዲሁ። ፕሮቲን የሚሠራው በአተጣጠፉ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይተረተራል። የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ አይቀጥንም አይደል? ለዚህ ነው አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጥ የሚባለው፤ የላስታን ዳገት የሚወጡት የጤና ሠራተኞችም በረዶ ያለበት ሳጥን የሚሸከሙት።

የኪርጊስታን ተወላጇ አሰል ሳርትባዬቫና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ ባዝ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሥራ በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ፕሮቲኑን ከሟሟ ሲሊካ ጋር ያገናኙታል። ሲሊካ የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር ነው። በፕሮቲኑ ገላ ላይ እየተጋገረ በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ይይዘዋል፤ ከዚያ ተጣርቶና ደርቆ ዱቄት ይሆናል። መላወሻ ያጣ ፕሮቲን አይተረተርም። በእንቁላል ነጭ ውስጥ ያለውን ላይሶዛይም እንዲህ አልብሰው እስከ 100 ዲግሪ አሞቁት፤ ሲያወጡት ይሠራ ነበር። (ከአለት በተፈለፈለ ከተማ ያደገ ሰው በድንጋይ ቢደነቅ አትፍረዱበት።)

ይህን ለአያቴ በስልክ ሳስረዳት፣ «ታዲያ ከነአሸዋው ልትወጉኝ ነው?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ። ተመራማሪዎቹ ሲሊካውን የፈቱት ፍሎራይድ ባለበት አሲድ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ይሆናል፤ ለጤና ኬላ ግን አይታሰብም። የመጀመሪያ ረቂቄ ስለ ማልበስ ብቻ ስለነበር ቀደድኩት። አሁን የምፈልገው ማውለቂያውን ነው።

ኬሚስትሪና ፋርማሲ የምትማሩ፣ ጁሙዓ ከዓሱር ሶላት በኋላ መስጂዱ በረንዳ ላይ አለሁ። ኢንሻአላህ ሻዩ በእኔ ነው።